የመለሰ ይምታ

ልጅ መምታት ነውር ነው ብዬ ስከራከር ዋልልኝን በጥፊ አጮልኩት። ነገሩ የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ስቋል። ያልሳቅነው እሱና እኔ ብቻ ነን።

የሆነው ደብረ ታቦር ከተማ ዳር አዲስ በተከፈተው የመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጃችን ውስጥ ነው። አሰልጣኛችን መምህር ይሻው ተማሪ ተኮር ስለሚባለው የማስተማር ዘዴ ጠዋቱን ሙሉ ሲያስረዳን ዋለ። ተማሪው ይናገር፣ ተማሪው ይጠይቅ፣ መምህሩ ዝም ይበል እያለ እሱ ራሱ ለአፍታ እንኳ ዝም አላለም። አንዷ ልጅ ልትጠይቅ እጇን ብታወጣ “ቆይ፣ አታቋርጪኝ” ብሎ አስቀመጣት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ ብዬ ብጠራው ማንም አይቆጣኝ። በመጨረሻ ሰሌዳውን ጠረገና “እናንተስ በየትኛው መንገድ ማስተማር ትመርጣላችሁ?” ሲል ጠየቀን።

እኔ በቡድን አልኩ። ልጆች ክብ ሠርተው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ እየተረዳዱ ይማሩ አልኩ። ዋልልኝ ከኋላ ተነሳ። ከደጋው ገጠር የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ሳይገባ በፊት የቆሎ ተማሪ ሆኖ የኔታ ደጅ ነው ያደገው። “እኔ ዳዊት የደገምሁት በዱላ ነው” አለ። “ልጅ መደዳውን ይቀመጥ፣ ፊቱን ወደ መምህሩ ያዙር፣ ካጠፋ ይቅመስ። ሌላው ጨዋታ ነው።”

ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ማዳሜ ሥራ የምታስተምረኝ በካውያ ነበር። የተኮስኩት ሸሚዝ ትንሽ ተጨማዶ ካገኘችው ካውያውን አንስታ ክንዴ ላይ ታሳርፈዋለች። እጅጌዬን ሰብስቤ ጠባሳውን ለክፍሉ ሁሉ አሳየሁ። “በዱላ መማር ማለት ይኸውላችሁ” አልኩ። ዋልልኝ ጠባሳውን ትክ ብሎ አየና ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ “ታዲያ መተኮሱን አልቻልሽበትም?” አለኝ።

ጥፊው የመጣው ያኔ ነው።

መምህር ይሻው እኔን ከመክሰስ ይልቅ አዋቂ መስሎ መታየትን መረጠ። ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ስንመደብ ሁለታችንንም አንድ ትምህርት ቤት ላከን። “ሁለቱ ዘዴዎች ይተዋወቁ” ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ አስጠነቀቀን፤ ዱላ ይዞ ክፍል የተገኘ ሰልጣኝ ያኔውኑ ወድቋል አለ። ሲናገር ዓይኑ ዋልልኝ ላይ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከአንበሳሜ ከተማ ሽቅብ በእግር የሚወጣበት ደጋ ላይ ነው። ኅዳር ነበርና ከግቢው በታች ያለው ጤፍ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል። የተቀበሉን እትዬ አሰለፈች ናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ በዚያ ቀበሌ ከአባት እስከ ልጅ ፊደል ያላስቆጠሩት ሰው የለም። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ግቢው መሀል አቁመውን ማውራት ጀመሩ።

“ከሁሉ በፊት ይችን ስሙኝ” አሉ። “አራተኛ ክፍል የሺ የምትባል ልጅ አለች፤ በመስኮቱ በኩል ፊተኛው ወንበር። ጌጡ የሚባል ልጅ አለ፤ በበሩ በኩል መጨረሻው። የእሷ አባት የእሱን አባት ገድሎታል።”

የየሺ አባት ሙላቴ ይባላል። በእርሻ ድንበር ተጣልተው የጌጡን አባት በመጥረቢያ አንገቱ ላይ መታው፤ ሰውየው እዚያው የታረሰው መሬት ላይ ደሙ ፈሶ አለቀ። ሙላቴ ታስሮ ሲወጣ የሟች ወንድም ደሴ ክላሹን ወልውሎ ይጠብቀው ነበር። ቄሶችና ሽማግሌዎች ስንት ተለማምጠው፣ መስቀል መሀል አስገብተው፣ ደሴንም እንዳይበቀል ገዝተው አስታረቋቸው። የእርቁ ቃል አንድ ነው፤ ከእንግዲህ ከሙላቴ ቤት በሟች ቤት ላይ እጅ አይነሳም። ከተነሳ እርቁ ፈረሰ፣ ደሴም ከግዝቱ ተፈታ።

“እጅ ማለት እጅ ነው” አሉ እትዬ አሰለፈች። “የትልቅ የትንሽ አይልም። እነዚህ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን አይቀመጡ፣ አብረው ኳስ አይራገጡ፣ አንዱ የሌላውን እርሳስ እንኳ አይንካ። አንድ ነገር ቢፈጠር ሙላቴ አያድርም። ልጅቱ ይህን ታውቃለች። ስታልፍ እንኳ እጇን ኪሷ ከታ ነው የምታልፈው።”

ዋልልኝ ጎንበስ ብሎ “ገብቶኛል እትዬ” አለ። እኔም ገብቶኛል አልኩ። እውነትም ገብቶን ነበር።

እኔ አማርኛ፣ እሱ ሒሳብ፣ ያንኑ አራተኛ ክፍል ተካፈልን። በኔ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ወንበር እየጎተቱ ክብ ይሠራሉ። የሺን ከአንዱ ጥግ፣ ጌጡን ከሌላው ጥግ ክብ አስገባቸዋለሁ። ይንጫጫሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ማንበቡ ግን ኤሊ ነው። በዋልልኝ ክፍለ ጊዜ መደዳው እንደገና ይሰለፋል። መጀመሪያ ሰሞን ዱላ ሲያጣ እጁ የተቆረጠበት ሰው መስሎ ነበር። ልጆቹ ናቁት፣ አፏጩበት፣ ጠመኔ ወረወሩበት። እኔም በሆዴ ደስ አለኝ።

በኋላ ግን ከግድግዳው ማዶ ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ጯ። ትንሽ ቆይቶ ጎበዝ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ እንደገና ጯ። ዕረፍት ላይ አንድ ልጅ አፍንጫው ደም በደም ሆኖ እየሳቀ ወጣ። ምን ሆነህ ብዬ ብጠይቀው “ስምንት ጊዜ ስድስት ተሳሳትሁ” አለኝ።

ዋልልኝ ሕግ አውጥቶ ነበር። አንዱን ልጅ ይጠይቃል፤ ልጁ ከሳተ ጥያቄው ከጎኑ ወዳለው ያልፋል። የመለሰው ልጅ ጎበዝ ይባልና ዞሮ የሳተውን በጥፊ ያጮለዋል። የመለሰ ይምታ ነው ሕጉ። በጣም ያበገነኝ ልጆቹ የወደዱት መሆኑ ነው። ሌሊቱን የማባዣ ሰንጠረዥ ሲያጠኑ የሚያድሩ ሆኑ፤ አንዱ እንዳይመታ፣ ሌላው እንዲመታ። አንዷ የምትጠላትን ልጅ ለማጮል ብላ ሰባትን እስከ መጨረሻው በአንድ ቀን ወጣችው።

ገብቼ አፋጠጥኩት። “አንተ ሰው ነህ? ዱላ ቢነጥቁህ በልጆቹ እጅ ትማታለህ?”

“ዱላ ከለከሉኝ እንጂ እጅ አልከለከሉኝም።”

“የሺና ጌጡስ?”

“አስቤበታለሁ” አለ። “ጥያቄው ከመደዳ መደዳ አይሻገርም። እሷ በመስኮቱ ናት፣ እሱ በበሩ ነው። ኪዳነ ምሕረትን፣ አንድ ቀን አላሻገርሁም።”

ይህን ልክደው አልችልም፤ አንድም ቀን አላሻገረም። በእሱ መደዳም በእኔ ክብም ሁለቱ ልጆች ተራርቀው ነበር የሚውሉት። እንዲያውም ልጆቹ በሱ ሒሳብ ሲፈጥኑ በኔ አማርኛ ሲንቀራፈፉ እያየሁ ቅናት ቢጤ ሲለበልበኝ ነበር። ዋልልኝን የምጠላው ክፉ ስለሆነ አልነበረም። የሚሠራው ነገር ሲሠራ ስላየሁ ነው።

መምህር ይሻው ሊገመግመን የመጣው አንድ ማክሰኞ ነው። ከአንበሳሜ በሞተር ሳይክል ወጥቶ፣ ከረባቱ አቧራ ለብሶ ደረሰ። የዋልልኝ ክፍለ ጊዜ ነበር። እኔም እንድታዘብ ተብዬ ከኋላ ተቀምጫለሁ። መምህር ይሻው ገና ከበሩ መደዳውን ሲያይ ፊቱ ተኮማተረ።

“ይሄ ምንድን ነው? ያስተማርኩህ ይሄን ነው? ተነሱ! ወንበር አዙሩ! ክብ ሥሩ!” እያለ ያጨበጭብ ጀመር። አቧራው ጨሰ፣ ወንበሩ ተንቋቋ። “አንተ ወዲህ! አንቺ ወዲያ! ተደባለቁ፣ ተደባለቁ!” እያለ ልጆቹን በትከሻቸው እየያዘ ያስቀምጣል። አቧራው ሲጠራ የሺና ጌጡ አንድ ክብ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሺ እጇን ኪሷ ከታለች።

ዋልልኝ ፊቱ አመድ መሰለ። “መምህር፣ ሁለት ልጆች ቦታ ላለዋውጥ። ምክንያት አለኝ።”

“ምክንያትህን በኋላ ትነግረኛለህ። አስተምር።”

እኔ ከኋላ ብድግ አልኩ። “መምህር፣ እነዚህ ልጆች ደመኞች ናቸው። ጎን ለጎን አይቀመጡም።”

“በዚህ ዕድሜያቸው ምን ደም አላቸው?” አለና ሳቀ። “እንዲያውም በቡድን ሥራ ነው የሚፋቀሩት። ዓለሚቱ፣ አንቺ እንኳ ለቡድን ትከራከሪ አልነበር? ቁጭ በይ!”

ዋልልኝ ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ ሰሌዳውን ይጠርግ ጀመር። መምህር ይሻው ትዕግሥቱ አለቀና ራሱ መጠየቅ ጀመረ። ጣቱን ጌጡ ላይ ቀሰረ። “አንተ! ሰባት ጊዜ ስምንት?”

ጌጡ ደመኛው ከጎኑ ተቀምጣ፣ ከረባት ያሠረ ሰው አፍጥጦበት፣ ስሙንም ቢጠይቁት አይመልስ። “ሀምሳ… ሀምሳ አራት” አለ።

“ማን ይርዳው?”

የሺ ሒሳብ ትወዳለች። እጇ ሳታውቀው ከኪሷ ወጣ። “ሀምሳ ስድስት!”

“ጎበዝ!” አለ መምህር ይሻው፣ እያጨበጨበ።

በዚያ ክፍል ከጎበዝ በኋላ ምን እንደሚመጣ ሁሉም ልጅ ያውቃል። እጃቸው ከሐሳባቸው ይቀድም ነበር። ዋልልኝ “የሺ!” ብሎ በወንበሮቹ ላይ ተንጠልጥሎ ሲዘል አየሁ። አልደረሰም። ልጅቱ ዞራ ጌጡን ጯ አደረገችው።

መጀመሪያ የገባው ለእሷ ነው። እጇን አየችው፤ እባብ የያዘች መሰለች። ጌጡ አላለቀሰም። ጉንጩን ይዞ ተነሳ፣ በበሩ ወጣ፣ ሽቅብ ወደ ቤቱ ሮጠ። ከመሀል አንድ ልጅ ቀስ ብሎ “ሙላቴ ሞተ” አለ።

የሺ ወደ አባቷ ልትሮጥ ስትል እትዬ አሰለፈች በሩ ላይ ቀለቧትና እቅፋቸው ውስጥ አፈኗት። ሙላቴ ከግቢው በታች፣ ከዓይናችን ሥር፣ ጀርባውን ሰጥቶን ጤፍ ያጭዳል። ከደሴ ቤት ወደዚያ ማሳ የሚወስደው መንገድ በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው የሚያልፈው። አንድ ልጅ ሮጦ እንዲነግረው ልልክ ነበር፤ እትዬ አሰለፈች አገዱኝ። “ሙላቴ ከሮጠ ጥፋተኛ ነው” አሉ። “ማጭዱን ይዞ ከመጣም ያው ነው። ተይው ይጨድ።”

ደሴ መጣ። ክላሹን በደረቱ አጋድሞ፣ በግራ እጁ ሽመልና የጌጡን እጅ አንድ ላይ ጨብጦ። የልጁ ጉንጭ ላይ የየሺ ጣቶች እስካሁን ቀልተው ይታያሉ። እትዬ አሰለፈች የሺን ለኔ ሰጡኝና መንገዱ መሀል ሄደው ቆሙ።

“እትዬ፣ ዞር ይበሉልኝ” አለ ደሴ። “በአንቱ ላይ እጄን አላነሳም። ዞር ይበሉ።”

“ፊደል ያስቆጠረህ ማነው?”

“አንቱ ነዎት።”

“ያኔ የክፍል አለቃው ሲመታህ ማን መታኝ ብለህ ነበር ለአባትህ የምትነግረው?”

ደሴ ዓይኑን ከእሳቸው ወደ ማሳው አሸሸ።

“መልስልኝ እንጂ!”

“አንቱ መቱኝ ብዬ።”

“አባትህ የአለቃውን አባት ከሶት ያውቃል? ድንጋይ ወርውሮበት ያውቃል?”

“የለም።”

“እንግዲያ ይኸም የትምህርት ቤት ምት ነው። አስተማሪ ያስመታው ነው እንጂ የሙላቴ ቤት እጅ አይደለም።”

እኔ እንደማስበው ደሴም መግደሉን አልፈለገውም። ግን የወንድሙ ልጅ ጉንጭ ላይ ያሉትን ጣቶች ይዞ ዝም ብሎ ቤቱ መመለስ አይችልም፤ አገሩ እያየው ነው። “እሽ” አለ። “ያስመታው አስተማሪ የቱ ነው?”

ልጆቹ ሁሉ መምህር ይሻውን አዩት። ጠያቂው እሱ፣ ጎበዝ ባዩ እሱ። ከረባቱን ነካ ነካ አደረገና “እኔ ታዛቢ ነኝ” አለ። ድምፁ ቀጥኗል። “ምቺ ያላት ሰው የለም። ልጅቷ በራሷ ነው የመታችው።”

“በራሷ” አለ ደሴ።

“በራሷ።”

በዚህች አንድ ቃል ሙላቴን ለጥይት ሰጠው። ደሴ ክላሹን አቀባበለ። እትዬ አሰለፈችን በትከሻው ገፋ አድርጎ አለፋቸው፤ አሮጊቷ ተንገዳግደው በጉልበታቸው ወደቁ። የሺ እቅፌ ውስጥ “አባዬ!” ብላ ጮኸች፣ ክንዴን ነከሰችኝ፣ ጠባሳዬ ላይ። ማሳው ውስጥ ሙላቴ ነዶውን እያሠረ ነበር፤ ነፋሱ ወደ እኛ ስለሚነፍስ አልሰማም።

“እኔ ነኝ ያስመታኋት።”

ዋልልኝ ነው። ከክፍሉ ደጃፍ ወርዶ ደሴን ከፊት ቀደመውና ቆመ። “የመለሰ ይምታ ብዬ ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እነዚህን ሁሉ ልጆች ጠይቅ። ዱላ ሲከለክሉኝ የእነሱን እጅ ዱላ አደረግሁት። ጥፊው የኔ ነው።”

ደሴ ልጆቹን ዞሮ አያቸው። አንድ በአንድ አንገታቸውን ነቀነቁ።

መጀመሪያ የዋልልኝን አገጭ በሰደፍ መታው። እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ዋልልኝ ወደቀ፤ ጥርስና ደም ተፋ። ደሴ ክላሹን ወደ ጀርባው አዞረና በሽመሉ ያዘው። ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ጉልበቱን። ዋልልኝ አንድ ጊዜ ክንዱን ለመከላከል አነሳ፣ ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ምንም አላነሳም። ሽመሉ ሲወርድ ደሴ ራሱ ያለቅስ ነበር፤ “ወንድሜን! ወንድሜን!” ይላል፣ ይመታል። ትናንሾቹ ልጆች ግድግዳው ሥር ተደርድረው እያዩ ነው። ማንም ወደ ውስጥ አላስገባቸውም።

መቼ የሺን እንደለቀቅኋት አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት በሁለት እጄ ድንጋይ ይዤ፣ የደሴን ማጅራት እያየሁ ነው። እፈጠፍጠው ነበር። እትዬ አሰለፈች ከወደቁበት ተነስተው እጄን ጨበጡት።

“ጣይው።”

“ሊገድለው ነው እኮ!”

“ጣይው አልሁሽ! ካስጣልሽው ዕዳው አልተከፈለም። ወደ ታች ነው የሚሄድ። ሰውየው የተኛው ለምን መሰለሽ?”

ድንጋዩን ጣልኩት። ለአንዲት ቃል ሰው በጥፊ የማጮል እኔ፣ ሁለት እጄን አንጠልጥዬ ቆሜ አየሁ። ካውያው ከዚያ አይብስም። ማዳሜ ስታቃጥለኝ ቢያንስ እጮህ ነበር።

ደሴ ደከመው። ሽመሉን ለጌጡ ዘረጋለት። “ና” አለው። “የተመታኸው አንተ ነህ። ጨርሰው።”

ልጁ ሽመሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ቁመቱን ይበልጠዋል። ዋልልኝ አጠገብ ሄዶ ቆመና ከራሱ በላይ አነሳው። በዚያ ቁመት ከወረደ ጭንቅላቱን ይከፍለዋል፤ ያ ግቢ ውስጥ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ።

ዋልልኝ ከመሬቱ ላይ ፊቱን አዞረ። አንዱ ዓይኑ ተከድኗል፤ አገጩ ወደ ጎን ሄዷል። በዚያ በተሰበረ አፍ አንድ ነገር አለ። ልጁ አልሰማውም፤ ሽመሉን እንዳነሳ ጎንበስ አለ። ዋልልኝ ደገመው።

“ጌጡ… ሰባት ጊዜ… ስምንት?”

ጌጡ ዓይኑን ገለጠ።

“ምታ!” አለ ደሴ።

የልጁ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ወደ የሺ አላየም፤ ወደ አጎቱም አላየም። “ሀምሳ ስድስት” አለ።

“ጎበዝ” አለ ዋልልኝ። ደም ዋጠ። “የመለሰ… ይምታ። በእጅ ነው… በዱላ አይደለም። ሕጉን ታውቀዋለህ።”

ጌጡ ሽመሉን አየው። ሕጉን ያውቀዋል። ዝቅ አደረገውና ሣሩ ላይ አስቀመጠው፣ ተንበረከከ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ የተሰበረው አገጭ ላይ በጥፊ አጮለው። ዋልልኝ እስከዚያ ድረስ አልጮኸም ነበር። ያኔ ጮኸ።

ደሴ የክላሹን ካዝና ነቀለና ኪሱ ከተተ። “የትምህርት ቤት ነው ብለዋል” አለ ለእትዬ አሰለፈች። “የትምህርት ቤት ይሁን። በቃ።” ሽመሉን አነሳ፣ የልጁን እጅ ያዘ፣ ሽቅብ ወጡ። ነፋሱ ጋብ ብሎ ሙላቴ የልጆቹን ለቅሶ ሰምቶ ቀና ሲል ሁለቱ ከኮረብታው ጀርባ ጠፍተው ነበር። ማጭዱን ይዞ እየሮጠ መጣና “ምን ሆናችሁ?” አለን።

ዋልልኝን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ አንበሳሜ ወረድን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሙላቴ ነበር። መምህር ይሻው ሞተሩን አስነስቶ፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቃሬዛውን ወደ ጎን አስደርጎ፣ ቀድሞን አለፈ። ድንጋይ ፈልጌ ነበር፤ እጄ ግን ቃሬዛውን ይዟል።

ደብረ ታቦር ሐኪሞቹ አገጩን በሽቦ አሠሩት፤ የግራ ዓይኑን ግን ማዳን አልቻሉም። ልጠይቀው ስሄድ መናገር አይችልም። ክፍሉን ማን ያዘው ለማለት ጣቱን ወደ ደጋው ቀሰረ። እኔ ይዤዋለሁ አልኩት። ባልተሰበረው እጁ አየሩ ላይ ክብ ሠራ፤ ከዚያ ቀጥ ያለ መሥመር አሰመረ፤ ከዚያ መዳፉን ገልብጦ ጠየቀኝ። እንዴት አድርጌ እንደማስቀምጣቸው መሆኑ ነው። ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። “አላውቅም ዋልልኝ” አልኩት። “እኔም አላውቅም።” ያጮልኩትን ጉንጩን ልዳብሰው ፈልጌ ነበር፤ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ሰኞ ወደ ክፍሉ ስገባ ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ወንበሮቹን መደዳ አሰልፈው ጠበቁኝ። የሺ በመስኮቱ በኩል፣ ጌጡ በበሩ በኩል። እንደዚያ ጸጥ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም፤ መምህር ይሻው ቢያየው እንኳ ይደነግጣል። ጠመኔ አነሳሁ። ከየት ልጀምር ብዬ ሳስብ አፌ ላይ የመጣው ያው ነው።

“ሰባት ጊዜ ስምንት?”

አንድም እጅ አልወጣም። ሁሉም ያውቁታል፤ ጌጡም ያውቀዋል፣ መጨረሻ ወንበር የሚያንቀላፋውም ያውቀዋል። ሁሉም ጠረጴዛቸውን ያያሉ።

“ስሙኝ” አልኩ። “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አይመታም። የመለሰ ምንም አያደርግም። መልሶ ይቀመጣል። በቃ።”

ወደ የሺ ሄድኩ። ከንፈሯ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሀምሳ ስድስት፣ ሀምሳ ስድስት። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ “የሺ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል?” አልኳት።

ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከታ፣ በሙሉ ክብደቷ ተቀምጣባቸዋለች። ቀና ብላ አየችኝ።

“አላውቀውም” አለችኝ።